ሱሉልታ በክፍት ጫማ

ከድሬ እስከ ለቡ ያለውን መንገድ ተኝቼ ስለመጣሁ የምጽፈው የለኝም፣ አዳማ አካባቢ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ነቃሁ ከዛ ደግሞ ተኛሁ። ባቡሩ የሚያወርደው የአዲስ አበባ ጫፍ ላይ ነው፣ እኔ የምሄደው ደግሞ ለሕግ ስልጠና ሌላኛው ጫፍ፣ ሱሉልታ። ለቡ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ ፒያሳ፣ ፒያሳ አዲሱ ገበያ። አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አቋረጥኳት ግን ያየሁት ከፊቴ የተቀመጠችውን ሴትዮ ሹሩባ ብቻ ነው።

አዲሱ ገበያ ላይ ተበላሁ። ወያላው ሻንጣዬን አየ፣ አነጋገሬን ሰማ፣ "ከነሻንጣው መቶ ሃምሳ" አለ። ድሬ ቢሆን ባጃጅ አስር ብር ሲጨምርብኝ መንገድ ላይ ተጣልቼ የምወርድ ሰው ነኝ፣ እዛ ግን ብርዱ አፌን ያዘው መሰለኝ ዝም ብዬ ከፈልኩ። አጠገቤ ያሉት እናት ስንት እንደሰጡ ላለማየት በመስኮት እንጦጦን ሳይ ቆየሁ።

ሰኔ ነው። እኔ ደግሞ ክፍት ጫማ ነው ያደረግኩት። ድሬ በሰኔ ሌላ ጫማ የሚያደርግ ሰው አሞት ነው፣ ስለዚ አልፈረድኩብኝም ወላሂ። ግን ከአስፋልቱ እስከ ስልጠናው ግቢ ያለው ጭቃ አንድ ጫማዬን ውጦ ማሰሪያውን በጥሶ መለሰልኝ። በር ላይ የነበሩት ጥበቃ እግሬን አይተው መጀመሪያ ሳቁ ከዛ ምንም ሳይሉ ወደ ቤታቸው ገብተው የራሳቸውን ቦቲ ጫማ አመጡልኝ። "ኢንተላ ኮ (ልጄ)፣ ይሄ አገር በዚህ አይኬድም" አሉኝ። በሐረርጌ ኦሮምኛዬ ሳመሰግናቸው ደግሞ ሳቁ፣ ቅላጼዬ ዘፈን ነው የሚመስለው አሉ። ቦቲው ሁለት ቁጥር ይሰፋኛል። ሦስቱንም ቀን ቋ ቋ እያልኩ የሄድኩት በሱ ነው።

ለምን ሄድሽ ለሚለኝ፣ የሦስት ቀን ስልጠና ነው፣ ከየዩኒቨርሲቲው የተሰበሰብን የሕግ ተማሪዎች፣ ርዕሱ የጦርነት ሕግ። አራት ዓመት ሙሉ ዓለም አቀፍ ሕግን በሞጁል ነው የማውቀው፣ በነጻ የሕግ ድጋፍ ክሊኒካችን የሚመጣው ደግሞ ቀለብና የድንበር አጥር ነው፣ ጠቃሚ ነው ግን ጄኔቫን አታገኝበትም። እዚህ ሌክቸር ምናምን የለም፣ ትወና ነው። ዣን ፒክቴ በሚባለው ውድድር ስልት የተሰራ ነው፣ ሰውየው በጦርነት ጊዜ ቁስለኛን፣ ምርኮኛንና ሰላማዊ ሰውን የሚጠብቁትን የእ.ኤ.አ. 1949 የጄኔቫ ስምምነቶች ዝግጅት ከመሩት አንዱ ነው። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፣ አንድ ገጽ ታሪክ ይሰጣችኋል፣ ግማሽ ሰዓት ትዘጋጃላችሁ፣ ከዛ ጠዋት የቀይ መስቀል ልዑክ ከሰዓት ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴር የሕግ አማካሪ ሆናችሁ ጠዋት የገነባችሁትን ራሳችሁ ታፈርሳላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ኬላ ላይ ቆመን ምርኮኞቹን ለመጎብኘት እንጠይቃለን፣ አሰልጣኛችን ሻለቃ ሆኖ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ ስቴኪኒ ያኝካል። እኔ ተዘጋጅቼበታለሁ፣ "በሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 126 መሠረት" ብዬ ጀመርኩ። "አንቀጹ መታወቂያ አለው?" አለኝ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ደገምኩት፣ በቁጥር። "ሂጂ ነገ ነይ" አለና ስቴኪኒውን ቀየረ። በቃ አለቀ፣ ስድስት ደቂቃ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። አንድ ብርድ ልብስ ለአንድ ሰው፣ መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሄደ፣ ጅብ ደግሞ መስኮቱ ስር ያለ ነው የሚመስለው። ጅቡ እንኳን ግድ የለም፣ የሐረር ዘመድ ያለው ሰው ጅብ አይፈራም፣ የባሌ ልጅ ነኝ ያለችው ግን ስትጮህ አደረች። ብርዱ ነው የገደለኝ። ድሬ ላይ አንሶላ እንኳን ረግጬ ጥዬ ነው የምተኛው፣ እዚህ ሻንጣዬን እግሬ ላይ ጭኜ ተኛሁ። ሊነጋጋ ሲል አትሌቶች በጭጋጉ ውስጥ ሲሮጡ አየሁ፣ ወደውና ፈቅደው።

12 ሰዓት ላይ ተነስቼ ጥበቃው ጋ እሳት ልሞቅ ሄድኩ። ጤና አዳም የገባበት ቡና ሰጡኝ። ትናንት በመስኮት ሲያዩን ነበር ለካ። "ኬላ ላይ ያለ ሰው እንደዛ አይለመንም" አሉኝ። "ቆሞ የዋለ ሰው ነው። ሰላም በይው፣ ከየት ነህ በይው፣ መጀመሪያ ትልቁን አትጠይቂ። ደብዳቤ ላድርስልህ በይው።" እንዴት ያውቃሉ አልኩ፣ ወታደር ነበርኩ አሉ፣ የባድመ ጊዜ።

እና ሰራ! በሁለተኛው ቀን ሻለቃውን ስለ ውኃው ጠየቅኩት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅኩት፣ ለቤተሰብ የሚላከውን አጭሩን የቀይ መስቀል መልዕክት አንስቼ ከዛ ቀስ ብዬ ወደ ጉብኝቱ ገባሁ። ፈቀደ። "ግን አንድ መኮንን አብሮ ይቀመጣል" አለ፣ እኔ ደስታዬ ውስጥ ሆኜ "ችግር የለም" አልኩ። ግምገማው ላይ የተዋረድኩት በዚች ቃል ነው። ቀይ መስቀል ምርኮኛን ያለ ምስክር ነው የሚያነጋግረው፣ ያው አንቀጽ 126 ላይ ተጽፏል፣ እኔው ትናንት በቃሌ ስደግመው የነበረው። መኮንኑ ከጎኑ ተቀምጦ ማን ምርኮኛ ነው ተደበደብኩ የሚል? አሰልጣኙ "ሰውየውን አሸንፈሽ ምርኮኛውን ሸጥሽው" አለኝ፣ እስካሁን ያሳክከኛል።

ከሰዓት በተራችን የመንግሥት አማካሪ ሆንን። በተሰጠን ታሪክ ውስጥ ያለችው አገራችን ስምምነቶቹን አልፈረመችም አንገደድም ብለን ተከራከርን፣ ጎበዝ መስሎን። ተቃራኒዎቻችን ከባድመ ጦርነት በኋላ የሁለቱን አገሮች ክስ የዳኘውን የኢትዮጵያና የኤርትራን የካሳ ኮሚሽን አመጡብን። ኤርትራ የጄኔቫ ስምምነቶችን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. ኦገስት 2000 ነው፣ ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ማለት ይቻላል፣ ሄግ የተቀመጠው ኮሚሽን ግን ከዛ በፊት የነበረውንም በልማዳዊው ዓለም አቀፍ ሕግ፣ አገር ባይፈርምም በሚያስገድደው፣ ዳኘው። ድርቅ አልን።

ማታ መብራት ስለመጣ ውሳኔውን ስልኬ ላይ አወረድኩት። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2003 ስለ ጦር ምርኮኞች ሁለት ውሳኔ ነው የተሰጠው፣ አንዱ በኤርትራ ላይ አንዱ በኛ ላይ። እነሱ ምርኮኞቻችንን በመደብደብና ቀይ መስቀልን ከሜይ 1998 እስከ ኦገስት 2000 ባለማስገባት ተጠያቂ ተባሉ። እኛ ከተባልንበት አንዱ ምን መሰላችሁ፣ ጫማ። ምርኮኞቹን ከተያዙበት እስከ መጀመሪያው ማቆያ በባዶ እግር ማስኬድ። መሬቱና አየሩ ከአቅም በላይ ሊሆን ይችላል ጫማውን መውሰድ ግን ያለ ምክንያት ስቃይ መጨመር ነው ይላል ነገሩ ሲጠቃለል። አንቀጽ 18ም የምርኮኛ ልብስ እሱው ጋ ይቆያል ነው የሚለው።

ቦቲውን አድርጌ ወደ በሩ ሄድኩ። ልንገራቸው አልንገራቸው ስል ቆየሁና ጋሼ፣ ምርኮኛ አጅበው ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። አዎ አሉ። ጫማስ?

"እናስወልቅ ነበር። ጫማ ያለው ይሮጣላ።"

ስለ ውሳኔው ነገርኳቸው። ብዙ ነገር ይጠይቁኛል ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን አንድ ነገር ላይ ቆዩ፣ "ጫማውን ጽፈውታል? ሄግ?" አሉ። አዎ አልኩ፣ ስልኬን አሳየኋቸው፣ እንግሊዝኛ ነው ግን መስመሩን በጣቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አምጥተው አዩት። ከዛ "እነሱስ?" አሉ፣ የነሱንም ነገርኳቸው። እሳቱን ቆሰቆሱ። "ድንጋዩ እኮ ስለት ነበር" አሉ ትንሽ ቆይተው፣ ሌላ አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

በሦስተኛው ቀን ዝናብ ነበር፣ ፍጻሜው ላይ አልደረስንም፣ ሦስተኛ ወጣን። እራት ላይ ጄሰፕ ለሚባለው የተማሪዎች ምስለ ችሎት ውድድር (ሙት ኮርት የሚሉት) የሚዘጋጅ ልጅ አጠገቤ ተቀመጠ፣ የጽሑፍ ክርክር ለሁለቱም ወገን ትጽፋለህ፣ ከዛ ቡድንህ 45 ደቂቃ ሦስት ዳኛ ፊት ይቆማል፣ ወራት ይፈጃል፣ የኛ ሦስት ቀን እሱ ጋ ጨዋታ ነው። ግን አንድ ነገር ነገረኝ ያላወቅኩት። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በናሚቢያ ጉዳይ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ከሰው እ.ኤ.አ. በ1966 ሰባት ለሰባት ሆኖ በፕሬዚዳንቱ ድምፅ ተሸነፉ አይደል፣ ውድድሩ የተሰየመለት ዳኛ ፊሊፕ ጄሰፕ ያኔ በልዩነት ከጻፉት አንዱ ነው። በየዓመቱ ስሙን የምንጠራው ሰውዬ ለኛ የቆመ ዳኛ ነበር እኮ! የልጁ እቅድ ሲመረቅ አፍሪካ ሕብረት ወይ ኢሲኤ (የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን) ኢንተርንሺፕ ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ቀላል ነው፣ ከእናቱ ቤት በታክሲ ይሄዳል። የኢሲኤው ኢንተርንሺፕ ደሞዝ የለውም፣ ለድሬ ልጅ የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ይሄን ስለው ፓስታውን ማየት ጀመረ።

ጠዋት ቦቲውን በር ላይ ካለው ቧንቧ አጥቤ መለስኩ። ለቡና ብዬ ያወጣሁትን ብር ጋሼ አልተቀበሉም፣ ይልቅ የተበጠሰውን ጫማዬን በሽቦ ጠግነው ጠበቁኝ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ ሚኒባስ ያዝኩ፣ ያው ሻንጣ፣ ያው አነጋገር። ሃምሳ ብር።