ሞተሯን አስተኝቼ የመረጥኩት ሳጥንና ጋርድ

አስፋልትም ኮረኮንችም በምትሄድ ሞተር ላይ ጠንካራ ሳጥንና መከላከያ ሊያስገጥም የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ብረቱ ውፍረት ነው። እኔ ሌላ ጥያቄ ይዤ ነው የተነሳሁት፤ ሞተሯ ስትወድቅ ቀድሞ መሬት የሚነካው ምንድን ነው? የተነካው ነገርስ ምቱን የት ያደርሰዋል? ሳጥኑንም፣ ሳጥኑን የሚሸከመውን ብረት ማለትም ፖርቶመጋላውንም፣ የኢንጂን ጋርዱንም የመረጥኩት በዚህ ጥያቄ ነው።

ሥራዬ በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ የውሃ ፓምፖችን መጠገን ነው። የምኖረው ድሬዳዋ ቢሆንም ፓምፖቹ ያሉት ከሽንሌ ሜዳ እስከ ባቢሌ ማዶ ተበታትነው ነው። ሞተሬ ያማሃ ኤክስቲዜድ 125 ናት። የፊት ጎማዋ 21፣ የኋላዋ 18 ኢንች ነው፤ ኢንጂኗ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። መንገዶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ከድሬዳዋ ተነስተህ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣለህ፣ በሐረማያና በአወዳይ አልፈህ ሐረር ትገባለህ፤ ሁሉም አስፋልት ነው፣ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በሽንሌ በኩል ግን የደረቀ ወንዝ አሸዋ፣ ድቡልቡል ድንጋይና ወደ መንገዱ የተዘረጋ የግራር እሾህ ነው የሚጠብቅህ። ለአስፋልቱ የሚስማማው ትልቅ ሳጥን አሸዋው ላይ ጠላትህ ይሆናል።

ስለ ዋጋ ከማንም ጋር ከመነጋገሬ በፊት ጭነቴን አስመዘንኩ። የሥራ ዕቃዬን በሙሉ፣ ማለትም መልቲሜትር፣ የቧንቧ መፍቻ፣ የቁልፍ ስብስብ፣ ተጠባባቂ ኮንትሮለር (የፓምፑ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያ)፣ ገመድ፣ ካላማዳሪና 5 ሊትር ውሃ ይዤ ሰፈራችን ያለው የእህል መደብር ሄድኩ። 23 ኪሎ መጣ። ባለ 125 ሞተር ላይ ይህ ቀላል አይደለም፣ ሳጥኑ ደግሞ ገና አልተቆጠረም። በድሬዳዋ ወርክሾፖች በቀላሉ የሚሠራልህ የላሜራ ሳጥን ነው። ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 35፣ ወርዱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 28 ሊትር ይይዛል። በ1.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ሲሠራ ባዶውን ወደ 7 ኪሎ ይመዝናል፣ ሁለቱ 14 ማለት ነው። ያው ሳጥን በተመሳሳይ ውፍረት አሉሚኒየም ሲሠራ 2 ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። ላሜራውን ያስቀረሁት በዚህ ስሌት ብቻ ነው። ከኋላ ጎማ በላይና ወደ ኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ የፊት ጎማ የቀለለባት ሞተር ደግሞ አሸዋ ላይ መሪ አትሰማም።

ቀጥሎ አሉሚኒየምን ከጠንካራ ፕላስቲክ ጋር አነጻጸርኩ፤ ከሁሉ ይበልጥ ጊዜ የወሰደብኝም ይህ ነው። አሉሚኒየም ትልቅ ጥቅም አለው፣ ሲጣመም የትም ቦታ በመዶሻ ይመለሳል። ፕላስቲክ ከተሰነጠቀ ግን ገጠር ውስጥ የሚጠግነው የለም። በሌላ በኩል አሉሚኒየም ጥጉ ላይ አንዴ ከተመታ ክዳኑ እንደ ድሮው አይገጥምም፤ ቀጭን ክፍተት ይቀራል፣ የሽንሌ አቧራ ደግሞ የሚፈልገው ያንኑ ነው። በተጨማሪም በኮረኮንች ንዝረት ውስጡ ያለው ብረት ግድግዳውን እየፋቀ ግራጫ ዱቄት ያወጣል። መፍቻ ለሚጭን ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ኮንትሮለር እጭናለሁ፤ የብረት ዱቄት በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ እንዲያርፍ አልፈልግም። ስለዚህ ክዳኑ ዙሪያውን ጎማ ያለው፣ በማንጠልጠያ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ወፍራም የፕላስቲክ የመሣሪያ ሳጥን መረጥኩ። ፕላስቲኩ ሲመታ ይለመጥና ይመለሳል። የሚጭነው ልብስና ምግብ ብቻ የሆነ ሰው ቢጠይቀኝ ግን ጠንካራ ሳጥን አልመክረውም፤ ጥሩ የሸራ ቦርሳ ቀላልም ነው፣ እግርም አይሰብርም።

እግር ያልኩት ለማስፈራራት አይደለም። በአሸዋ ላይ ሞተሯ ስትዋልል ሰው በደመ ነፍስ እግሩን መሬት ያስነካል። እግሩ ሲቆም ሞተሯ መሄዷን ትቀጥላለች፣ የሳጥኑ የፊት ጠርዝ ደግሞ ባትን ከኋላ ይመታል። ለዚህ ነው ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ የለካሁት በሜትር ሳይሆን በገዛ እግሬ የሆነው። ኮርቻው ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ከመርገጫው አውርጄ መሬት አስነካሁና ጓደኛዬ ሞተሯን ቀስ ብሎ ወደ ፊት እንዲገፋት አደረግኩ። ባቴ የማይነካበት ቦታ ሲገኝ በኖራ ምልክት አደረግን። ምልክቱ ካሰብኩት ቦታ ብዙ ወደ ኋላ ነበር፤ ወደ ኋላ መሄዱ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል ብዬ ሳጥኑን አሳነስኩ እንጂ ቦታውን አልቀየርኩም።

በቀኝ በኩል ማርሚታው፣ ማለትም የጭስ ማውጫው አለ። ማርሚታው ከፍ ብሎ የሚያልፍባቸው እንዲህ ዓይነት ሞተሮች ላይ የቀኙ ሳጥን የግድ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ሚዛኑም ይዛባል። መፍትሔው ጭነቱ ውስጥ ነው ያለው። ከመሃል 25 ሳንቲ ሜትር የሚርቀው የግራ ሳጥን 10 ኪሎ ሲይዝ፣ 35 ሳንቲ ሜትር የሚርቀው የቀኙ 7 ኪሎ ቢይዝ ሁለቱ ይመጣጠናሉ። መፍቻና ብረት ግራ፣ ኮንትሮለርና ገመድ ቀኝ፣ ውሃው ከኮርቻው ኋላ መሃል ላይ ገባ። ፕላስቲኩ እንዳይቀልጥ ደግሞ በማርሚታውና በሳጥኑ መካከል ስስ የአሉሚኒየም ጋሻ አስገባን፤ ጋሻው ሁለቱንም አይነካም፣ በሁለቱም በኩል አየር ያልፋል።

የሳጥኖቹን ተሸካሚ ፖርቶመጋላ ያሠራሁት ድሬዳዋ ነው። እዚህ ከተማ የብረት እጅ አይጠፋም። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ ትልቁ ጋራዥ ከተቋቋመ ጀምሮ ቶርኖና ብየዳ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። እኔ የሄድኩባቸው በያጅም ሙያውን የለመዱት ምድር ባቡር ከሠሩ ሰዎች ነው። ሥዕሌን አሳየኋቸው።

«ጋሼ፣ ከሻንሲው ጋር እንዳይበየድ፤ በብሎን ይታሰርልኝ» አልኳቸው፤ ሻንሲ የምለው የሞተሯን ዋና አጽም ነው።

«አቦ፣ ብየዳ አይከዳህም እኮ! የሚላላው ብሎን ነው» አሉኝ።

ያሉት እውነት አለው፣ ብሎን ይላላል። ነገር ግን የሞተር ሻንሲ ስስ ቱቦ ነው። የተበየደበት ቦታ አጠገብ ያለው ብረት በሙቀቱ ጠባዩ ይለወጣል፣ ከዓመት ንዝረት በኋላ የሚሰነጠቀውም ብዙውን ጊዜ እዚያው ጠርዝ ላይ ነው። የተበየደ ፖርቶመጋላ ቢጣመም ደግሞ ሻንሲውን ይዞት ይጣመማል። ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው ሞተሯን ዞረው አዩና የተሳፋሪ እግር መርገጫ የሚታሰርበትን ቦታ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «እንግዲያው ዋናው ጭነት እዚህ ይረፍ» አሉ። ልክ ነበሩ። ያ ቦታ ከመጀመሪያውም የሰው ክብደት እንዲሸከም የተሠራ ነው። ከኋላም ከታርጋው በታች ግራና ቀኙን የሚያገናኝ አግዳሚ የጨመሩት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ሥዕሌ ላይ አላስገባሁትም ነበር። ያ አግዳሚ ከሌለ ሞተሯ በአንድ ጎን ስትወድቅ የዚያ ጎን ፖርቶመጋላ ወደ ጎማው ይታጠፋል።

ብረቱ 20 ሚሊ ሜትር ክብ ቱቦ፣ ግድግዳው 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። ወፍራም የውሃ ቧንቧ ይሻላል የሚሉኝ ነበሩ፤ ግን በትክክል የታሰረ ቀጭን ቱቦ በአንድ ነጥብ ከተንጠለጠለ ወፍራም ቧንቧ ይበልጣል። ፖርቶመጋላው ከሻንሲው ጋር 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ባላቸው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ታሰረ። ሳጥኖቹ ግን ከፖርቶመጋላው ጋር በባለ 6 ብሎን ነው የተያዙት፣ በመሃላቸውም ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ማለስለሻ አለ። ይህ ታስቦበት የተደረገ ነው፤ ከባድ ምት ሲመጣ መጀመሪያ መቆረጥ ያለበት በጥቂት ብር የሚተካው ብሎን ነው። ሌላው ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር፣ ሞተር አጠገብ ማንኛውም ብየዳ ከመጀመሩ በፊት ባትሪው ይፈታ፣ የማቀጣጠያው ኤሌክትሮኒክስም ከገመዱ ይነቀል። ከተቻለ ደግሞ ቱቦው ወርዶ ለብቻው ይበየድ።

ጋርዶቹን ከመምረጤ በፊት ሞተሯን ሆን ብዬ አስተኛኋት። መሬቱ ላይ አሮጌ ጎማና ብርድ ልብስ አንጥፈን፣ ቤንዚኑን ቀንሰን፣ ለሁለት ይዘን ቀስ ብለን በግራ ከዚያም በቀኝ አጋደምናት። ባዶዋን በግራ ስትተኛ መሬት የነኩት የመሪው ጫፍ ከፍሪሲዮን እጄታ ጋር፣ የማርሽ መርገጫውና የኋላ ፍሬቻ ናቸው። የማርሽ መርገጫው ወደ ውስጥ ከተገፋ የኢንጂኑን ሽፋን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ ሽፋኑ ሲሰነጠቅ ዘይቱ ይፈሳል፣ መንገዱም እዚያው ያበቃል። እንግዲህ መከላከያ የሚያስፈልገው የት እንደሆነ ሞተሯ ራሷ አሳየችኝ።

ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የኢንጂን ጋርድ በፊት በኩል በአንድ ቦታ ብቻ የሚታሰር ዓይነት ነው። ከተማ ውስጥ ቆማ ለምትወድቅ ሞተር ይበቃል። በፍጥነት ስትወድቅ ግን ወደ ኋላ ይዞርና ሊያድነው የሚገባውን ኢንጂን ራሱ ይመታዋል። እኔ ከላይም ከታችም የሚታሰር፣ ግራና ቀኙ ከፊት የተያያዘ አሠራሁ። የሆድ መከላከያው 4 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ነው፤ የታሰረው ከሻንሲው ጋር ነው፣ ከኢንጂኑ ጋር አይነካካም፣ የዘይት ማውረጃ ብሎኑ በሚውልበት ቦታም ቀዳዳ አለው። ወደ ላይ ታጥፎ የሲሊንደሩን ፊት እንዲሸፍን አልፈቀድኩም። በድሬዳዋ ሙቀት፣ ደንገጎን በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ፣ በአየር ለሚቀዘቅዝ ኢንጂን ንፋሱ ከድንጋይ መከላከያው አያንስም። ጋርዱ ላይ ቦርሳ ማንጠልጠል የሚወዱ ወዳጆቼንም በዚሁ ምክንያት እለምናቸዋለሁ፤ ኢንጂኑን የሚያቀዘቅዙትን የሲሊንደሩን ክንፎች አትሸፍኑ።

የእጅ መከላከያው ውስጡ የአሉሚኒየም ዘንግ ያለው፣ ጫፉም መሃሉም የሚታሰር ነው። ባዶው ፕላስቲክ ንፋስና እሾህ ይከላከላል፣ እጄታን ግን አያድንም። የእጄታዎቹን ማሰሪያ ደግሞ እጅግ አላጠበቅኩም፤ ሲመቱ ዞር እንዲሉ ነው። የመብራቱን ወንፊት በአጭሩ ልለፈው፤ ከፊትህ የጭነት መኪና ጠጠር በሚወረውርበት መንገድ ላይ ርካሽና ጠቃሚ ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በትክክለኛው ክብደት የአሸዋ ከረጢት ጭኜ እንደገና አስተኛኋት። አሁን የሚነኩት ሦስት ነገሮች ብቻ ሆኑ፤ የእጅ መከላከያው ጫፍ፣ የኢንጂን ጋርዱና የሳጥኑ የታችኛው ጥግ። በሦስቱ መካከል ለእግሬ የሚበቃ ክፍተት ቀረ። የሳጥኖቹ ወርድም ከመሪው አይበልጥም፤ መሪው ካለፈ ሁሉም ያልፋል። ከጫት መኪና ጋር ጠባብ ቦታ ላይ ስትተላለፍ ይህን ታመሰግነዋለህ።

እውነተኛው ፈተና ሽንሌ ማዶ የደረቀ ወንዝ ውስጥ መጣ። የፊት ጎማው አሸዋው ውስጥ ገባና በግራ ወደቅን። ዘይት አልፈሰሰም፣ እጄታው ዞረ እንጂ አልተሰበረም፣ እግሬም ክፍተቱ ውስጥ ቀረ። የግራው ሳጥን አንድ ባለ 6 ብሎን ተቆረጠ፤ ከኮርቻው ሥር ካስቀመጥኩት ተጠባባቂ ተክቼ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ፖርቶመጋላውን ቤት ገብቼ በገመድ ለካሁት፣ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ሳጥኑ ላይ የቀረው ጭረት ብቻ ነው።

ሐረር ስደርስ ሥራ ካለኝ ሞተሯን ከሸዋ በር ውጭ አቆማትና ሳጥኑን ይዤ በግንብ ወደታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጁገል፣ የምገባበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ ማሰሪያዎቹን በቁልፍ የሚፈታ አደረግናቸው። ውስጣቸው የሚገባውን የሸራ ከረጢት ያሰፋሁትም እዚያው ሐረር፣ ልብስ ሰፊዎቹ ባሉበት መኪና ግርግር ነው። ባለ እጄታ ከረጢት ካለህ ግን ሳጥኑ ጭቃውን ይዞ ውጭ ይቀራል፣ ዕቃው ብቻ ከአንተ ጋር ይገባል።

አሁን የቀረኝ ጥበቃ ነው። ዳዶዎቹ በሙሉ ናይለን ያላቸው ናቸው፣ እያንዳንዱም ላይ በቀለም መስመር አሠምሬያለሁ። መስመሩ ከተዛነፈ ዳዶው ላልቷል ማለት ነው፤ ቁልፍ ሳላወጣ በዓይኔ አየዋለሁ። ከኮረኮንች በተመለስኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው በመርገጫው በኩል ያሉትን ሁለቱን ነው፣ ጭነቱ የሚያርፈው እነሱ ላይ ስለሆነ። ቀጥሎ የሆድ መከላከያውን አውርጄ በእሱና በኢንጂኑ መካከል የተጋገረውን ጭቃ አጥባለሁ፤ ጭቃው ከቆየ ሙቀት ይይዛል፣ የብሎኖቹንም ጥርስ ይበላል።