ሀዋሳ፣ አባ ኮዳና የተቀማ ላጲስ

ሚኒባሱ ከቃሊቲ የወጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። እኔ ሠዓሊ ነኝ፣ አብሮኝ የሚሄደው ጓደኛዬ ቀራፂ ነው። እግራችን ሥር የታጠፈ ካርቶን፣ ሁለት ጥቅል ወረቀት፣ ግማሽ ኪሎ እርድና አንድ ፌስታል ከሰል አለ። ረዳቱ ከሰሉን አየና "ሀዋሳ ከሰል ጠፋ እንዴ?" አለን። ለሥዕል ነው ብንለው የሚያምነን አልመሰለንም። "ትንሽ ናት" ብለን አለፍን።

የጠራችን አንዲት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ናት፣ የጓደኛዬ እህት አብሮ አደግ። "ልጆቼ ሠዓሊ የሚባል ሰው በዓይናቸው አይተው አያውቁም፤ አንድ ሳምንት ኑልኝ" ካለችን ቆይታለች። ክፍያ የለም። ማደሪያና ዓሣ አለ። እውነቱን ለመናገር ለዓሣው ብቻ ብላችሁኝም እሄድ ነበር።

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ሞጆ በፈጣን መንገዱ፣ ከዚያ መቂ፣ ዝዋይ (አሁን ባቱ ነው የምትባለው)፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ። ነገሌ ላይ አንድ ተሳፋሪ በጀሪካን አረቄ ይዞ ገባና ክዳኑ ሳይጠብቅ ቀርቶ፣ ሀዋሳ እስክንደርስ ሁላችንም የጠጣን ሰዎች መሰልን። ስለ መንገዱ ሌላ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ስንገባ 58 ልጆች ብድግ አሉ። "ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!" አሉ በአንድ ድምፅ፣ መጨረሻውን እየጎተቱ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት፣ ግድግዳው ጥግ ባለው ላይ አራት ሆነው ነው የተቀመጡት። ወረቀቱን አደልንና "የፈለጋችሁትን ሣሉ" አልኳቸው።

እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ልጆቹ ከጥቂቶቹ በስተቀር አንድ ሥዕል ሣሉ። ጣሪያው ሦስት ማዕዘን የሆነ ቤት። ከኋላው ሁለት ተራራ። በተራሮቹ መሃል ግማሽ ፀሐይ። ከቤቱ ፊት አንድ አበባ፣ ቁመቱ ከበሩ የሚበልጥ። እኔም በልጅነቴ የምሥለው ይህንኑ ነበር። ማን እንዳስተማረኝ ግን አላውቅም። እነዚህ ልጆች የሚያውቋት ፀሐይ ሐይቁ ላይ ነው የምትጠልቀው፤ በሁለት ተራራ መሃል የተቀመጠችውን ከየት አመጧት? ከታላቅ ወንድም ደብተር ይሆናል፣ እሱ ደግሞ ከሌላ ደብተር።

ሁሉም በማስመሪያ ነው የሚሠሩት። የአበባውን ግንድ እንኳ በማስመሪያ! ከማስመሪያው የባሰው ግን ላጲሱ ነው። አንድ መስመር ይሠራሉ፣ ሁለት ጊዜ ያጠፋሉ። ላጲስ የሌለው ከጎረቤቱ ይለምናል፣ ጎረቤቱ ይከለክላል፣ ጠብ ይነሳል። ፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ ላጲሷን በክር አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ጣሪያውን አጠፋች፣ ሠራች፣ አጠፋች። በመጨረሻ ወረቀቱ ተቀደደ። ቀና ብላ አየችኝና እንባዋ ዱብ አለ።

"ከነገ ጀምሮ ላጲስ የለም" አልኩ።

ክፍሉ ፀጥ አለ። ወንበር እከለክላለሁ ያልኩ ነው የሚመስለው። "ብንሳሳትስ ቲቸር?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ከተሳሳታችሁበት ቀጥሉ።"

አልተዋጠላቸውም። ጓደኛዬም ሲወጣ "አንተ ራስህ በቀን ስንት ላጲስ ነው የምትጨርሰው?" ብሎ አላገጠብኝ።

ማክሰኞ በር ላይ ቆሜ ላጲስ ሰበሰብኩ። "ስትወጡ እመልሳለሁ" እያልኩ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። ግማሹ የተነከሰ ነው። አንዱ የጫማ ሶል ቁራጭ ነው፤ ልጁ "ይሠራል እኮ" ብሎ ሊያሳየኝ ነበር።

የዕለቱ ሥራ ጎረቤትን መሣል ነው። ነገሩን ላጣፍጥ ብዬ የድሮ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችን ልማድ ነገርኳቸው። ጻድቃን ፊታቸው ወደ እኛ ዞሮ፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉ ሰው ግን በጎን ነው፣ አንድ ዓይን ብቻ። ምነው ባልነገርኳቸው! አምስት ደቂቃ አልሞላም፣ "ቲቸር! ሰይጣን አድርጎ ሣለኝ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። በጎን የተሣለ ሁሉ አኮረፈ። አንዱ ደግሞ የተጣላውን ልጅ ሆን ብሎ አዙሮ በጎን ሣለውና አንዲት የተጨማደደች ዓይን ሰጠው። እውነቱን ልናገር፣ የዕለቱ ምርጥ ሥዕል ያ ነበር። ልጁን አስተውሎ አይቶታል፤ ጠብ ለካ ለማየት ይጠቅማል።

ጠቡን ለማብረድ ስልኬን አውጥቼ የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል አሳየኋቸው። የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው፤ ሦስቱ መስኮቶች በድምሩ 150 ካሬ ሜትር ናቸው። ስልክ ላይ የአውራ ጣት ታህል ስለሆነ ማንም አልደነቀውም። ስለዚህ ክፍሉን በእርምጃ ለካን። ሰባት በስምንት ሜትር ገደማ መጣ። "የዚህ ክፍል ወለል ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም" አልኳቸው። ያኔ ዞረው ወለሉን አዩ። ባለ ክሯ ልጅ እጇን አወጣች።

"ይሄን ሲሠሩ ስንት ላጲስ ጨረሱ?"

"መስታወት በላጲስ አይጠፋም" አልኳት። አሰበችበት። "እሳቸውንም ቀምተዋቸዋል" አለች ለጎረቤቷ።

የትምህርቱ ስም መጽሐፉ ላይ "ክወናና እይታ ጥበባት" ነው። ስሙ ረጅም፣ ቀለሙ አጭር። አስተማሪዋ ይህን የምታስተምረው ከሒሳብና ከአማርኛ ጋር ደርባ ነው፤ ለ58 ልጅ የሚበቃ የውሃ ቀለም ከየት ታምጣ? ለዚህ ነው እርድና ከሰል ተሸክመን የመጣነው። ረቡዕን ለቀለም ሥራ ሰጠነው።

ሥራው እንዲህ ነው። እንቁላሉ ይሰበርና አስኳሉ ከነጩ ይለያል። አስኳሉን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው እያገላበጡ ቆዳውን ማድረቅ። ከዚያ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርጎ አንጠልጥሎ፣ ከሥሩ በመርፌ ወጋ ማድረግ። ቢጫው ሲኒ ውስጥ ይወርዳል፣ ቆዳው ጣት ላይ ይቀራል። ትንሽ ውሃ ጠብ ተደርጎበት ከተፈጨው ቀለም ጋር ይታሻል። ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ በእጅ አይለቅም። የጓደኛዬ ጣት እንደ ግንበኛ ጣት ወፍራም ነው፤ አስኳል ሲያንጠለጥል ግን አንድም አላፈረጠም። እኔ ሦስት አፈረጥኩ።

ጥቁሩ ከሰል፣ ቢጫው እርድ (ፀሐይ ላይ ከዋለ እየደበዘዘ ይሄዳል፣ አስጠንቅቄያቸዋለሁ)፣ ነጩ የተነፋ አመድ። ቀዩን አስተማሪዋ ከቤተሰቦቿ ማሳ በፌስታል ያመጣችው የሲዳማ ደጋ አፈር ነው። በወንፊት ስንነፋው እንደ ሽሮ ደቀቀ። አንዱ ልጅ "የኔ የበለጠ ይቀላል" ብሎ ከቤቱ በርበሬ ይዞ መጣ። ሳላይ ጀምሯል። ቀለሙ ያምራል፣ አልክድም። ከዚያ ዓይኑን አሸ። ጩኸቱን ሰምቶ ከጎኑ ያለው ሊጠርግለት እጁን ሰደደ፤ የሱም እጅ በርበሬ ነው። ሁለቱንም ቧንቧው ጋ ወስደን ግማሽ ሰዓት ስናጥብ ቆየን። በርበሬ ከቀለም ዝርዝር ወጣ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እንቁላሉን ስሰብር አንዲት ልጅ ቀስ ብላ "ለሥዕል ብቻ ነው?" አለችኝ። የእንቁላል ዋጋ እንዲህ በሆነበት ጊዜ የአሥራ ሁለት እንቁላል አስኳል ቀለም አድርጌያለሁ። ነጩን ግን አልደፋነውም። ጥበቃው አባባ በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሰው ምድጃቸው ላይ አቀረቡልን።  ልጅቷንም ጠርተው አጎረሷት።

ሐሙስ ሐይቁ ዳር ወረድን። ለአሥር ደቂቃ መንገድ ማህተም ያለበት የፈቃድ ደብዳቤና አንድ ረጅም ገመድ አስፈለገ። ልጆቹ ገመዱን ይዘው በሰልፍ አሞራ ገደል የሚባለው ዓሣ ገበያ ገባን። ጀልባዎቹ የሌሊቱን ዓሣ አውርደዋል፤ ቆሮሶው ይላጣል፣ አምባዛው ይከተፋል፣ አንጀቱ መሬት ላይ ይጣላል። አባ ኮዳዎቹም ከቦታቸው ቆመዋል፣ ደመወዝ እንደሚጠብቅ ሰው።

አባ ኮዳን የሀዋሳ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ችግሩም ይኸው ነው። "ምን ይመስላል?" ስላቸው ወደ ወፉ ሳይዞሩ "ትልቅ ወፍ ነው" አሉኝ። ስለዚህ እርሳሱን ሰበሰብኩ። አምስት ደቂቃ እጅ አጣጥፎ ማየት ብቻ። መጀመሪያ ተቁነጠነጡ። ከዚያ አንዱ "ፀጉሩ አልቋል" አለ። ሌላዋ "አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ሮዝ ነው፣ ቀይ አይደለም" አለች። "ቲቸር፣ እግሩ ጥቁር ነው ወይስ ነጭ?" ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። እግሩ ጥቁር ነው፤ ነጭ የሚያስመስለው የራሱ ኩስ ነው። ሙቀት ሲበዛበት እግሩ ላይ ይለቀዋል፣ ያበርደዋል። ይህን ስነግራቸው የሳቁት ሳቅ ዓሣ ላጪዎቹን ሥራ አስፈታ።

እርሳሱን መለስኩላቸው። የማክሰኞው ተረት እዚህም ተከተለኝ። ወፍ በጎን ሲታይ አንድ ዓይን ነው። "ታዲያ ሰይጣን ነው?" ተባለ። ክርክሩ ረዘመና ብዙዎቹ ለአባ ኮዳ በአንድ ጎን ሁለት ዓይን ሰጥተው ገላገሉት። ግድ የለም፣ ዓይኖቹን ስታዩዋቸው እውነተኛ የአባ ኮዳ ዓይን ናቸው፣ ኩርፍ ያሉ።

ከክፍሉ አጭሩ ልጅ አራት ወረቀት ተቀብሎኝ ነበር። ሲጨርስ በቁመት ገጥሞ መሬት ላይ ዘረጋቸው። ከላይ እስከ ታች ሁለት እግር ብቻ ነው። ቀጭን፣ ጉልበቱ ጋ ያበጠ፣ በአመድና በከሰል የተዥጎረጎረ። አንድም መስመር በማስመሪያ አልተሠራም።

"የቀረውስ?" አልኩት።

"ላይ ነው" አለኝ።

ዝቅ ብዬ ከሱ ቁመት አየሁት። ወፉ አንድ ሜትር ተኩል ሊሆን ይችላል። ልጁ ልክ ነው። ከዚያ የሚታየው እግር ነው።

ከሰዓት ለእኛ የዓሣ ሾርባ፣ ጥብስና ዳጣ ተጠራ። ዳጣውን ንቄው ነበር። አላግጦብኝ የሰነበተው ጓደኛዬ ይህን እንዳልጽፍ ይፈልጋል፤ ከኔ የበለጠ ያለቀሰው እሱ ነው።

አርብ የግድግዳ ቀን ነበር። ዳይሬክተሩ "አርቲስቶች ከመጣችሁ አይቀር የምግብ መፍጫ ሥርዓት ሣሉልን" አሉን። የአፍሪካ ካርታ አለ፣ ፊደል ገበታ አለ፣ የጎደላቸው ጨጓራ ነው። እኔ ደግሞ ልጆቹ አባ ኮዳቸውን እንዲሥሉበት ነበር ያሰብኩት። ፊቴ ላይ ቅሬታ ሳይታይ አልቀረም። መፍትሔው የመጣው ከበርበሬው ልጅ ነው። "ዓሣው አባ ኮዳ ሆድ ውስጥ ይግባና ይታይ።"

ለውጭ ግድግዳ እንቁላል አይሆንም፣ ክረምት ያጥበዋል። ጥቁርና ነጭ የግድግዳ ቀለም ገዛን፣ ቀዩን አፈር ከነጩ ጋር አሽተን ሮዝ አወጣን። እግሩን ባለ አራት ወረቀቱ ልጅ መራ። ዓሣው አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ውስጥ ሊገባ ሲል የሳይንስ አስተማሪው ደረሱብን። ከረጢቱ የምግብ ማጠራቀሚያ አይደለም፣ የአየር ነው፤ ከምግብ ቧንቧ ጋርም አይገናኝም አሉ። ልጆቹ ተከራከሩ፣ ተሸነፉ፣ ዓሣውን በጀርባ በኩል አሳለፉት። ዳይሬክተሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

"ጉበቱ የታለ?"

ጉበት ጨመርን።

ቅዳሜ ጠዋት ተሳፈርን። ጥፍራችን ሥር እርዱ አለቀቀም። ዝዋይ ስንደርስ ለሙዝ ገንዘብ ላወጣ ኪሴ ገባሁ፤ እጄ የጨበጠው ሌላ ነገር ነው። ላጲስ። ቆጠርኳቸው፣ 23 ናቸው፣ የጫማ ሶሉን ጨምሮ። አንዱ ክሩ እንዳለ ነው። አርብ በግድግዳው ግርግር ሳልመልስ ወጥቻለሁ።

አስተማሪዋ ጋ ደወልኩ። ገና ሃሎ ሳልል ሳቀች። "አንተ! ትናንት ስትወጡ ልጆቹ ከበቡኝ፤ 'ላጲስ የሚቀማው ሰውዬ መቼ ነው የሚመለሰው?' እያሉ።"