የምኒልክን ብር ይዞ ወደ ኒው ዮርክ

ከዋሽንግተን ወደ ኒው ዮርኩ ዓለም አቀፍ የሳንቲም ትርዒት ስሄድ የምመርጠው ባቡር ነው። በአውሮፕላን ከሆነ ብር በኤክስሬይ ላይ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ስለሚታይ ፈታሾቹ ቦርሳውን መክፈታቸው አይቀርም፤ ሳንቲሙ ሰው ሁሉ ፊት ከመዘርገፉ በፊት በግል ክፍል እንዲፈተሽ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዩኒየን ጣቢያ የሚነሳው ባቡር ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ቢወስድም ይህ ጣጣ የለበትም። ትርዒቱ በጃንዋሪ ስለሆነ በረዶ ባቡር ሊያዘገይ ይችላል፤ አንድ ቀን ቀድሞ መግባት ይሻላል።

ፈተናው ክብደቱ ነው። 300 የምኒልክ ብር፣ እያንዳንዱ ሳንቲም የሚገባበት ማቀፊያ ሳይቆጠር፣ ብቻውን 8.4 ኪሎ ይመዝናል። ጠንካራ ማንገቻ ያለው የጀርባ ቦርሳ ይበቃል፤ ቦታውም እግር መሀል እንጂ የባቡሩ መደርደሪያ ላይ አይደለም። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ጠባቂ ሳይኖር መኪና ውስጥ የተተወን ዕቃ ስለማይሸፍኑ ውሉን ከመንገድ በፊት ማንበብ ይገባል።

ትርዒቱ ከግራንድ ሴንትራል ብዙም በማይርቀው ባርክሌይ ሆቴል ውስጥ ነው። የሌሎች አገሮችና የጥንት ዘመን ሳንቲሞች ስለሚበዙበት የኢትዮጵያን ሳንቲም ለሚሸጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ገበያ አሜሪካ ውስጥ አላውቅም። ጠረጴዛ የሚከራይ ነጋዴ የኒው ዮርክን የሽያጭ ታክስ ምስክር ወረቀት አውጥቶ ሰው በሚያየው ቦታ ማስቀመጥ አለበት። በከተማው ታክሱ 8.875 በመቶ ነው፤ መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ነጋዴ ግን ተገቢውን ቅጽ ሞልቶ ከሰጠ አይከፍልም። ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ለባለሙያዎች የሚከፈት ቀን አለ፤ ትልልቁ ንግድ የሚያልቀው በዚያን ቀን በነጋዴና በነጋዴ መካከል ስለሆነ ሁሉም ሳንቲም ተመዝኖ፣ ዋጋ ተጽፎበት መድረስ አለበት። ከራስ በላይ ያለው መብራት የሳጥኑ መስታወት ላይ ያንጸባርቃልና ዝቅ ብሎ ከጎን የሚያበራ ነጭ መብራት ይያዝ።

በፓሪስ የታተመው የምኒልክ ብር 28.075 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር፣ ንጥረቱ ከሺህ 835 ነው። የ1887 እና የ1889 አንበሳ ግራ እግሩን ያነሳል፤ የ1892 እና የ1895 ቀኝ እግሩን። ብዙ የውጭ ነጋዴዎች ፲፰፻፹፱ን ከ፲፰፻፺፪ ለመለየት ስለሚቸገሩ መለያ ወረቀቱ ላይ ዓመት መሳሳት የተለመደ ነው። የግዕዝ ቁጥር የሚያነብ ገዢ እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ወረቀቱን ትቶ ሳንቲሙን ያንብብ።

ሐሰተኛውን ብዙ ጊዜ የሚያጋልጠው ጠርዙ ነው። ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ከሆነ ዙሪያውን የመጋጠሚያ መስመር ይታያል፤ ገጹ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉበት፤ ክብደቱም ይጎድላል። የሚዛኑ ንባብ እስከ 0.01 ግራም መድረስ አለበት። ከሐሰተኛው ይልቅ በብዛት የሚገጥመው ግን ጌጥ ሆኖ የኖረ እውነተኛ ብር ነው። ለአንገት ማንጠልጠያ ተበይዶበት፣ ኋላ ቀለበቱ ተነቅሎ ጠርዙ ተሞርዷል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ ከዘውዱ በላይ ያለውን ጠርዝ ማየት ነው፤ ብየዳ የነካው ቦታ ቀለሙ ይለያል፣ ጠርዙም ጠፍጠፍ ይላል። እንዲህ ያለው የሚሸጠው ውስጡ ላለው የብር ማዕድን ዋጋ ቀረብ ብሎ ነው። ሻጩ ጉድለቱን ራሱ መለያው ላይ ይጻፈው፤ ገዢው ካገኘው ሌላውንም ሁሉ ይጠረጥራል።

ማቀፊያው የፒቪሲ ፕላስቲክ አይሁን፤ እያደር አረንጓዴ ቅባት ያወጣና ብሩን ይበላዋል። ሳይቆይ ከተደረሰበት ንጹሕ አሴቶን ያስለቅቀዋል። በሎሚ፣ በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና የታሸ ብር ግን አይድንም፤ ጭረቱን ማንም ሰብሳቢ ወዲያው ያየዋል።

የአክሱም ሳንቲም ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ወረቀት ነው፤ የድሮ ጨረታ ካታሎግ ወይም ደረሰኝ። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ይከለክላል። እርግጥ አክሱማዊ ወርቅ ሁሉ ከኢትዮጵያ አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የመን ውስጥ አል-መድሃሪባ በተባለ ቦታ ብዙ ተገኝቷል። ቢሆንም "ከየመን ነው" የሚል ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የመንም የራሷ የቅርስ ሕግ አላት። ወረቀት የሌለውን አልገዛም፤ ሌላውም ነጋዴ እንዳይገዛ እለምናለሁ።

በሕዝቡ ቀን የአገራችን ሰዎች ማርያ ቴሬዛ የተባለውን የድሮ የብር ሳንቲም በመሐረብ ጠቅልለው ይመጣሉ። "እማማ፣ ይህ ከእ.ኤ.አ. 1780 በኋላም ለብዙ ዘመን የተጻፈበት ዓመት ሳይቀየር በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲታተም የኖረ ነው" ብሎ በአክብሮት ማስረዳት ይገባል። ውስጡ 23.4 ግራም ንጹሕ ብር አለው፤ የአብዛኛው ዋጋም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ቤተሰብ ያወረሰው ከሆነ አለመሸጥን እመክራለሁ።

አደጋው የሚበዛው ሲመለሱ ነው፤ ዘራፊዎች ነጋዴን ከትርዒት ተከትለው ምግብ ቤት ወይም ነዳጅ ማደያ ሲደርስ ይጠብቁታል። የአንገት ባጁ አዳራሹ ውስጥ ይውለቅ፤ መኪና የያዘ አስቀድሞ ነዳጅ ይሙላ፤ የተረፈው ሳንቲም ከጥበቃው ክፍል ሳይወጣ ከዝርዝሩ ጋር ይቆጠር። ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬ ገንዘብ የተቀበለ ነጋዴም ቅጽ 8300ን በ15 ቀን ውስጥ ሞልቶ ለአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት መላክ አለበት፤ ስለዚህ የገዢው ስም፣ አድራሻና የታክስ ቁጥር እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይመዝገብ።