መደብ በመደብ፦ የግራኑላር ኮምፒዩቲንግ ጥናቴ፣ አራተኛ ሳምንት

ግራኑላር ኮምፒዩቲንግ መረጃን አንድ በአንድ ሳይሆን የሚመሳሰለውን በቡድን በቡድን አድርጎ ማስላት ነው፤ ቡድኑ «ግራንዩል» ይባላል። ይህን ቃል በአማርኛ ስፈልግ ሰንብቼ መልሱን ገበያ አገኘሁት። መደብ! ቲማቲም ሻጭ የሚመሳሰሉትን ከምራ እንደ አንድ ነገር ትሸጣለች። ሐሳቡ በቃ ይኸው ነው።

የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቁ ሎትፊ ዛዴህ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ የሰው ግንዛቤ ሦስት መሠረት አለው ይላሉ፦ ሙሉውን መከፋፈል፣ ክፍሎቹን ማዋሃድ፣ ምክንያትን ከውጤት ማያያዝ። እኔ የሰነበትኩት ግን ፖላንዳዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ሊቅ ፓውላክ በ1982 ባቀረቡት «ራፍ ሴት» (ሻካራ ስብስብ) ላይ ነው። መጀመሪያ ከዛዴህ «ፈዚ ሴት» (ድንበሩ የደበዘዘ ስብስብ) ጋር አምታትቼው ነበር። ፈዚ ሴት «ምን ያህል ትኩስ ነው?» ብሎ ደረጃ ይሰጣል። ራፍ ሴት ደግሞ «በያዝኩት መረጃ ይህን ከዚያ መለየት እችላለሁ?» ይላል።

የባሕር ዳር ልጅ ነኝና ምሳሌዬ አሳ ሆነ። ደብተሬ ላይ 12 ቆሮሶ ደረደርኩ። 7ቱ የዛሬ፣ 5ቱ የትናንት። መለያዬ ዓይንና ስንጥብ ብቻ። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፦ 5፣ ሁሉም የዛሬ። ዓይኑ የፈዘዘ፣ ስንጥቡ የጠቆረ፦ 3፣ ሁሉም የትናንት። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ የጠቆረ፦ 4፣ ግን 2ቱ የዛሬ፣ 2ቱ የትናንት! እነዚህ ድንበር ላይ ናቸው። «በእርግጥ የዛሬ» 5፣ «የዛሬ ሊሆን የሚችል» 9። ትክክለኛነቱ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል ነው፦ 5 ለ9፣ ማለትም 0.56 ገደማ።

«ሥጋው ሲጫኑት ይመለሳል?» የሚል ሦስተኛ መለያ ስጨምር 4ቱ ተለዩ፤ ውጤቱ 1 ሆነ። ጓጉቼ ክብደትንም በግራም ጨመርኩ። ይሄ ግን ስህተት ነበር። እያንዳንዱ አሳ ለብቻው መደብ ሆነ። ሠንጠረዡ ላይ እንከን የለውም፤ ነገ ለሚመጣው አሳ ግን ምንም አይነግረኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ጣና ዳር ወረድኩና አንድ አሳ ነጋዴ ጠየቅኩ።

«ጋሼ፣ ሁሉንም በጣት ይጫኑታል?»

«ሁሉንማ ለምን ብዬ? የተጠራጠርኩትን ነው እንጂ።»

እዚያው ቆሜ ደብተሬን አወጣሁ። እኔ ሦስተኛውን መለያ 12ቱም ላይ ነበር የሞከርኩት። እሳቸው ቢሆኑ 4ቱን ብቻ ይነካሉ፤ ውጤቱ ግን ያው ነው። አሁን አሳዎቹን የሚለየውን የኮምፒዩተር ኮዴን እንደገና እየጻፍኩት ነው። ሦስተኛው ጥያቄ የሚመጣው ድንበር ላይ ለቀረው ብቻ ነው።