«ይህን ሥዕል የሣለው»

ከዩኒቨርሲቲ በቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ተመርቄ ሥራ ስፈልግ፣ አንድ ዘመዴ «ያላቸውን ሥዕል ሁሉ በመዝገብ የሚያሰፍርላቸው ሰው የሚፈልጉ አባት አሉ» ብሎ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ ግቢ ላከኝ። ጋሼ ከአርባ ዓመት በላይ ከደመወዛቸው እየቀነሱ ሥዕል ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሳሎኑ፣ ኮሪደሩ፣ ልጆቻቸው ያደጉበት መኝታ ክፍል፣ የደረጃው ሥር ሳይቀር በሥዕል ተሞልቷል። ከአያታቸው የወረሱት ባለ ሁለት ተከፋች ሥዕለ አድኅኖ አለ። በአቡጀዲ ላይ የተሣሉ የዓድዋ ሥዕሎች አሉ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ካቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ልጆች የሠሯቸው የእንጨት ቅርጽ ኅትመቶች አሉ። የሸክላና የነሐስ ቅርጾችም በየመስኮቱ ደፍ ላይ ተደርድረዋል።

የመጀመሪያ ሥራዬ ቅጽ ማዘጋጀት ነበር። ርዕስ፣ ሠዓሊ፣ ልክ፣ የተሠራበት ነገር፣ የተገዛበት ዋጋ፣ ያለበት ክፍል፤ ስድስት ዓምድ። በሁለት ወር ውስጥ 214 ሥራ መዘገብኩ። እያንዳንዱን ፎቶ አነሳሁ፣ ቁጥር ሰጠሁ፣ ጋሼም ደስ አላቸው። እኔም በሥራዬ ኮራሁ፤ አሁን ሳስበው ያ ቅጽ ከመጀመሪያውም ጉድለት ነበረበት።

በዚያ ሰሞን ጋሼ አንድ የዓድዋ ሥዕል ገዙ። አንድ ቤተሰብ የእናታቸውን ቤት ሲያፈርሱ ዕቃውን እየሸጡ ነበር። ወርዱ 160፣ ቁመቱ 95 ሳንቲሜትር የሆነ፣ በጭስ የጠቆረ፣ ግን ቀለሙ ከጭሱ ሥር ሕያው የሆነ ሥዕል። በግራ በኩል አፄ ምኒልክ ከነጃንጥላቸው፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ በቀኝ ጣሊያን፣ ከላይ በደመናው መሐል ቅዱስ ጊዮርጊስ። የእኛዎቹ ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ጠላት ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን፤ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የመጣው የአሣሣል ወግ እንዳለ ነው። ጋሼ ሥዕሉን ባመጡ በሦስተኛው ቀን ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ገቡ። ሲሄዱ «ስመለስ አብረን እናየዋለን» ብቻ ነበር ያሉኝ።

እኔ ግን ሲመለሱ አምሮ ተሰቅሎ እንዲያዩት ፈለግሁ። የተወጠረበት እንጨት ብል በልቶት ዱቄት ያፈስ ነበር፤ ከኋላ የተመታበት ኮምፔንሳቶም በእርጥበት አብጧል። ለካሁ፣ ከፊት ለፊቱ ፎቶ አነሳሁ፣ ቁጥር 215 ብዬ መዘገብኩ፣ ላዳ ተኮናትሬ ፍሬም ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት። «ይህንን የተበላ እንጨት ሁሉ ጣለውና በአዲስ ወጥርልኝ» አልኩት። ሰውዬው ጠንቃቃ ባለሙያ ነው። ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ፣ ጨርቁን ሳይቀድ፣ ቀለሙን ሳያረግፍ በአዲስ እንጨት ወጠረው። ያዘዝኩትን በትክክል ሠርቶልኛል።

ጋሼ ዓይናቸው ድኖ በአሥረኛው ቀን ሳሎን ገቡ። ሥዕሉ ከግድግዳው ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት፤ የፈረሶቹን አፍንጫ፣ የጋሻውን ጌጥ። ከዚያ «እስቲ አውርጂውና አዙሪልኝ» አሉ። አወረድኩት፣ አዞርኩት። አዲስ፣ ንጹሕ፣ ነጭ እንጨት።

«ሰሌዳውስ?»

«የቱ ሰሌዳ ጋሼ?»

«ከኋላው የነበረው ነዋ። ጽሑፍ ነበረበት። ዓይኔ አልያዝ ብሎኝ ነው እንጂ በቀለም ሦስት መስመር ተጽፎበት አይቻለሁ። ሲሻለኝ አነበዋለሁ ብዬ ነው የተውኩት።»

መልስ አልነበረኝም። አልተቆጡም። ሶፋው ላይ ቁጭ አሉና «ሂጂ ልጄ፣ ምናልባት አልጣለው ይሆናል» አሉኝ።

ፍሬም ሠሪው «ለቡና ሻጯ ሰጠኋት» አለ። ከሱቁ ጎን በጀበና ቡና የምትሸጥ እህት አለች፤ ቁርጥራጭ እንጨት ሲተርፈው ለከሰል ማቀጣጠያ ይሰጣታል። ሮጥኩ። የተወጠረበት እንጨት ሁሉ ተቃጥሏል። ኮምፔንሳቶውንም ከመሐል ሰብራ ግማሹን አንድዳዋለች። ሌላውን ግማሽ ግን መሬቱ ወጣ ገባ ስለሆነባት ከከሰል ማንደጃው ሥር ለማስተካከያ አስገብታዋለች። ማንደጃውን በጨርቅ ይዛ አነሣችልኝ። ሰሌዳው ትኩስ ነበር፤ አንድ ጥጉ ከስሏል። ገለበጥኩት። በጥቁር ቀለም፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

«ይህን ሥዕል የሣለው
ከእጁ በብር 60 የገዛሁት
ሰኔ 12 ቀን 194»

እዚያ ላይ ተሰብሯል። የሠዓሊው ስም፣ የገዢው ስም፣ የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ ከተቃጠለው ግማሽ ጋር ሄደዋል።

ይህ ለምን እንደሚያንገበግብ ነገሩን በቅርብ የማያውቅ ሰው ላይገባው ይችላል። የዓድዋ ሥዕል በብዛት ተሥሏል። ባለሙያዎቹ አንዱ ከሌላው እየተማሩ፣ አንዱን አሰላለፍ እየደጋገሙ፣ ለመኳንንቱም ለውጭ አገር ሰውም ሸጠዋል። ብዙዎቹ ስማቸውን ከፊት አይጽፉም፤ ከቤተ ክርስቲያን ይዘውት የመጡት ልማድ ነው። ስለዚህ ሁለት ሥዕል ጎን ለጎን ሲቀመጥ የማን እንደሆነ የሚናገረው አንዳንዴ ከኋላው ያለች አንዲት መስመር ብቻ ናት። ሠዓሊው ራሱ ለገዢው ነግሮት፣ ገዢው በዚያው ሰዓት የጻፋት መስመር ደግሞ ዋጋ የማይገኝላት ነበረች። ሰባ ዓመት ያህል ቆይታ በእኔ እጅ ጠፋች።

ሰሌዳውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ለጋሼ አመጣሁላቸው። መዳፋቸውን በላዩ ላይ አድርገው ዝም አሉ። ቆይተው ስለ ፍሬ ጽዮን ነገሩኝ። በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የተሣለ የእመቤታችን ትልቅ የእንጨት ሥዕል አለ። ሥዕሉ ላይ የንጉሡ ስም፣ የአበምኔቱ ስም፣ የሠዓሊውም ስም ተጽፏል። «በዚያ ዘመን ስንት ባለ እጅ እንደነበረ አስቢ» አሉኝ። «ሁሉም ስም አልባ ሆነው ቀርተዋል። ፍሬ ጽዮንን ግን በዚያች ጽሑፍ አወቅነው፤ በሌላ ቦታ ያሉትንም ሥዕሎች ከእርሷ ጋር እያስተያዩ ነው የእርሱ ሥራ ናቸው የሚሏቸው። ጽሑፏ ባትኖር ሰውየውም የለም።» ከአምስት መቶ ዓመት በላይ የሆነውን ያንን ስም ሲጠሩት ጎረቤታቸው የነበረ ሰው የሚጠሩ ይመስሉ ነበር።

በማግስቱ መዝገቡን ከቁጥር 1 ጀመርኩ። ቅጹ ላይ «ጀርባ» የሚል ዓምድ ጨመርኩ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ሰፊው እርሱ ሆነ። አንድም ሥራ ከፊቱ አላነበብኩም፤ መጀመሪያ አዞራለሁ፣ ጀርባውን ፎቶ አነሳለሁ፣ ከዚያ ነው ወደ ፊቱ የምመጣው። በሦስት ወር ያገኘሁት ነገር እስካሁን ይደንቀኛል። አንድ የመልክዓ ምድር ሥዕል ጀርባ ላይ በከሰል የተነደፈ የሴት ፊት አለ፤ ሠዓሊው ሸራ አጥሮት መልሶ የተጠቀመበት ይመስለኛል። በሌላው ላይ በሠዓሊው እጅ «ለሽያጭ አይደለም» ተብሎ ተጽፎ ኋላ ተሰርዟል፤ ጋሼ ይህን ሲያዩ እንዴት ለምነው እንደገዙት አስታውሰው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አንዲት ከሸክላ የተሠራች የእናት ቅርጽ መቀመጫዋ ሥር በጥፍር የተጫረ «ገ» አለች።

ኅትመቶቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው። ጀርመናዊው ሃንሰን ባሂያ በ1950ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ የኅትመት ጥበብ ካስተማረ በኋላ፣ እንጨት ቀርጾ ማተም በትምህርት ቤቱ ሥር ሰደደ። ኅትመት ስንል መጽሔት ላይ የወጣ ቅጂ አይደለም፤ ሠዓሊው ራሱ እንጨቱን ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በወረቀት ላይ ያሳረፈው ሥራ ነው። ስንት እንዳተመና ይህኛው ስንተኛው እንደሆነ ከሥዕሉ በታች በነጩ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ይጽፋል፤ 7/30 ማለት ከሠላሳው ሰባተኛው ማለት ነው፤ ከጎኑ ፊርማው አለ። ፍሬሞቹን ስከፍት ብዙዎቹ ቁጥራቸውና ፊርማቸው በካርቶን ተሸፍኖ በደኅና ተቀምጧል። ሁለቱ ግን ለፍሬሙ እንዲመጥኑ ብሎ አንድ ሰው ነጩን ጠርዝ በመቀስ ቆርጦላቸዋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንዴት ሊቆርጠው እንደቻለ ግን አሁን በደንብ ይገባኛል።

ስለ ቁጥር 215 ወደ ሻጮቹ ቤተሰብ ሄጄ ነበር። ቡና አፍልተው በአክብሮት ተቀበሉኝ። «እማማ ነበሩ የሚያውቁት» አሉኝ፤ እርሳቸው አርፈዋል። ሥዕሉ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከመመገቢያ ክፍሉ ግድግዳ ወርዶ እንደማያውቅ፣ ማንም አዙሮት እንዳላየ ነገሩኝ። ስድስት ኪሎ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ደጋግሜ ሄጄ እዚያ ያሉትን ሥዕሎች ከስልኬ ፎቶ ጋር አስተያየሁ። ፈረሶቹ የሚመስሉት አንድ ሠዓሊ አገኘሁ፤ የአፍንጫቸው አሣሣል፣ የልጓሙ ጌጥ። በደስታ ሮጬ ለጋሼ ነገርኳቸው፣ ስሙን በመዝገቡ ላይ «ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ልጻፍ አልኩ።

ጋሼ ሁለቱን ፎቶዎች በአዲሱ መነጽራቸው ደጋግመው አዩ።

«ይመስላል» አሉ። «ግን በእርሳስም አትጻፊው። ዛሬ ‹ሳይሆን አይቀርም› ብለሽ የጻፍሽውን፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚገለብጠው ሰው ‹ነው› ይለዋል።»

የ1992ቱ የቅርስ አዋጅ ቅርስ በእጁ ያለው ሰው እንዲያስመዘግብ ያዛል፤ የጋሼም ሐሳብ ይኸው ነበር፤ እኔን የቀጠሩኝም ለዚሁ ነው። ለቁጥር 215 የሞላሁት ገጽ ላይ ከ«ሠዓሊ» ፊት ባዶ ነው። በ«ጀርባ» ዓምድ ሥር ሦስቱን መስመር እንዳሉ፣ የተሰበረበትን ቦታ በነጥብ አሳይቼ ገልብጫለሁ። ሰሌዳው እንዴት እንደተሰበረ፣ በማን ትእዛዝ እንደተነቀለም ጽፌ ፈርሜበታለሁ። የተረፈውን ግማሽ ፍሬም ሠሪው ራሱ መጥቶ፣ ገንዘብም አልቀበል ብሎ፣ ከአዲሱ እንጨት ኋላ በቀድሞ ቦታው በአራት ብሎን አሰረልኝ፤ የከሰለው ጥግ ወደ ታች፣ ጽሑፉ ወደ ውጭ ሆኖ። ሽማግሌ እንግዳ ጋሼን ሊጠይቅ በመጣ ቁጥር ሥዕሉን አውርጄ አዞርለታለሁ።