ሁለተኛውን ቀን ተወው

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሱቁን ከፍቼ ገና ኮምፒውተሩን ሳላበራ አንዲት እናት ገቡ። ጥቁር ለብሰዋል። እጃቸው ላይ የተቋጠረች መሀረብ አለች። ቋጠሮዋን ፈተው አንድ ጉርድ ፎቶ አወጡ። ከመታወቂያ ላይ የተላጠች ናት። ማኅተሙ የልጁን ግራ ጆሮ ሸፍኖታል።

«ትልቅ አድርገህ አውጣልኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔ የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ አንዲት ጠባብ ማተሚያ ቤት ነው። ባነር እናትማለን፣ ቲሸርት እናትማለን፣ የሠርግ ጥሪ፣ የምርቃት ፎቶ፣ የምግብ ቤት ሜኑ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዋናው ሥራዬ ሟች ማተም ሆኗል። የቀብር ባነር፣ የአርባ ቲሸርት፣ የሙት ዓመት ፖስተር። የተዘጋጀ ዲዛይን አለኝ። ፎቶው መሀል ይገባል። ከኋላው ሰማይ፣ ዳር ዳሩን ነጭ አበባ፣ ከግርጌ ስምና ሁለት ቀን። የተወለደበትና ያረፈበት። ኮት የሌለውን ኮት አለብሰዋለሁ። ሦስት ኮት አለኝ፤ ጥቁር፣ ሰማያዊና ግራጫ። ግራጫው ይወደዳል። በዚች ከተማ ስንት ወጣት በሕይወቱ ለብሶት በማያውቀው ግራጫ ኮት እንደተለቀሰ የማውቀው እኔ ነኝ።

የሴትዮዋን ፎቶ ስካን አድርጌ ከፈትኩት። መጀመሪያ ማኅተሙን ማጥፋት ነበረብኝ። ቀላል ሥራ ነው። የቀኙን ጆሮ ቆርጬ፣ ገልብጬ፣ በግራው በኩል ለጠፍኩት። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ኮራ ብዬ ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው።

ጠጋ ብለው አዩ። መነጽር የላቸውም።

«ይሄ የሱ ጆሮ አይደለም» አሉኝ።

«እማማ፣ የራሱ ነው እኮ። ከዚያኛው ወስጄ ነው።»

«ግራው ጫፉ ላይ ተቀዷል። ልጅ ሆኖ ውሻ ነክሶት።»

የተቀደደውን እኔ ከየት አመጣዋለሁ? ማኅተሙ ሥር ነው ያለው። መልሼ አጠፋሁት። ማኅተሙ ተመልሶ መጣ። «እንደሱ ይሁን» አሉኝ። ኮት ልጨምርለት ስል ደግሞ ሳቅ ብለው «እሱ ኮት? ተው እባክህ» አሉ።

ስሙን ነገሩኝ። የተወለደበትን ነገሩኝ፤ 1991። «ያረፈበትስ?» ስል ዝም አሉ። ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ነው።

«እሱን ተወው» አሉ በመጨረሻ።

«ዓመቱን ብቻ ልጻፈው?»

«አላየሁትማ። ሞተ ያሉኝ ሰዎች ናቸው። ያላየሁትን ቀን እንዴት አድርጌ ላስጽፍ?»

እንግዲያውስ ባነሩ ለምን አላልኳቸውም። እሳቸው ግን ያልጠየቅኩት ጥያቄ የገባቸው መሰለኝ። «ቤት ልሰቅለው ነው። የሚመጣ ሰው ማን ቤት እንደመጣ ይወቅ» አሉኝ። የሥራ ባልደረባዬ ከኋላዬ ቆሞ ያይ ነበር። ከወጡ በኋላ «ባዶው ያስጠላል፣ ርግብ አስገባበት» አለኝ። ርግብም አለን። ሁለት ዓይነት።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስልኬ ላይ አንድ ሰሞን ያስቀመጥኩት ቪዲዮ ትዝ አለኝና ደግሜ አየሁት። የኮሎምቢያዋ ዶሪስ ሳልሴዶ ናት። አርቲስት ነች ይሏታል፣ ግን ብሩሽ ስትይዝ አላየኋትም። ሥራዋ ወንበር፣ ጫማ፣ ቁም ሳጥን፣ ጨርቅ ነው። ሰው ከቤቱ ሲጠፋ ቤት ውስጥ የሚቀረው ዕቃ።

በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን ኤም 19 የሚባሉ ታጣቂዎች በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ያለውን የፍትሕ ቤተ መንግሥት ያዙ። ጦሩ በታንክ ገባ። ሕንፃው ተቃጠለ። ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከሞቱት 11ዱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ናቸው። በሕይወት ከሕንፃው ወጥተው ከዚያ ወዲያ የጠፉ የካፍቴሪያ ሠራተኞችም አሉ። 17 ዓመት አለፈ። በ2002 በዚያው ቀን፣ የመጀመሪያው ሰው በተገደለበት ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ35፣ አንዲት ባዶ የእንጨት ወንበር ከአዲሱ ሕንፃ ጣራ ላይ በግድግዳው ቁልቁል መውረድ ጀመረች። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። 53 ሰዓት ሙሉ፣ 280 ያህል ወንበር። ያስወረደችው ሳልሴዶ ናት።

ከሁሉም የያዘኝ ዝግታው ነው። እኔ ሰው በዐሥር ደቂቃ ነው የምጨርሰው።

የጫማው ሥራዋ ግን ይብሳል። የጠፉ ሴቶች ጫማ ነው፤ ቤተሰቦቻቸው የሰጧት። ግድግዳ ውስጥ ትንንሽ መስኮት የመሰለ ጉድጓድ ሠርታ ጫማዎቹን አስቀመጠች። ፊቱን በስሱ በተወጠረ የከብት ፊኛ ሸፈነችውና ሐኪም ቁስል በሚሰፋበት ክር ዙሪያውን ሰፋችው። ጫማው በጭጋግ ውስጥ ያለ ይመስላል። አለ፣ ግን አይጨበጥም። ቪዲዮውን አቁሜ ስፌቱን አጉልቼ አየሁት። የቸኮለ ሰው ስፌት ነው የሚመስለው፤ ተንሻፎ፣ ቋጠሮው ሳይደበቅ።

ይሄን ሳይ አያቴ መጣችብኝ። አጎቴ በ1982 ምፅዋ ላይ ነው የቀረው። እኔ አልተወለድኩም፤ ሲወራ ነው የሰማሁት። ሬሳ የለም። መርዶው የመጣው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አያቴ የሱን ጋቢና ኮንጎ ጫማ ከሳጥን አውጥታ አልጋ ላይ አስተኛቻቸው። አልጋው ወደ ደጅ ወጣ። አልቃሿ ለጋቢው ሙሾ አወረደች። ለቀስተኛው ለጫማው ደረቱን መታ። በሀገራችን ሬሳው የሌለ ሰው ልቅሶ እንዲህ ነው፤ ልብሱ ይወጣል፣ ጠመንጃ ካለው ጠመንጃው፣ ፈረስ ካለው ፈረሱ። ሦስት ቀን ተለቀሰ። ጫማው ተመልሶ ሳጥን ገባ። እሷ እስክትሞት ድረስ ማንም አላደረገውም፤ ልኩ የሆነ ልጅ ግን ሞልቶ ነበር።

ታዲያ ባለፈው አንድ ወዳጄ «ይሄ ወንበር ማውረድ፣ ጫማ መስፋት የፈረንጅ ቅብጠት ነው» ሲለኝ ሳቄ መጣ። የኔ አያት ምን ልትባል ነው?

ቅብጠት የሚመስለኝ ነገር የለም አልልም። ሎንዶን ቴት ሞደርን ሙዚየም ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. ሳልሴዶ 167 ሜትር የሚሆን ስንጥቅ ወለሉ ላይ ሠርታለች። ስደተኛን ስለሚለይ ድንበር ነው ተብሏል። ፎቶውን አየሁት። ሰው ልጁን በስንጥቁ ላይ ያዘልላል። ብዙም አልነካኝም። ምናልባት ቆሞ ያየው ሌላ ይላል።

ይልቅ የማይለቀኝ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ነው። ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዘጌ ወርዶ በቡናው ጥላ ሥር ዳገቱን መውጣት። ልጅ ሆኜ አክስቴ ይዛኝ ስትሄድ መቅደሱን ዙሪያውን የከበበው ሥዕል ያስፈራኝ ነበር። ሰማዕታት ሲታረዱ፣ ሲጠበሱ፣ ሲገረፉ። ደሙ ቀይ ነው፣ ምንም አልተደበቀም። የድሮ ሠዓሊዎቻችን አንድ ሕግ ነበራቸው። ጻድቁን ፊት ለፊት ይሥሉታል፤ ሁለት ዓይን አለው። ክፉውን በጎን ያዞሩታል፤ አንድ ዓይን ብቻ። ወታደሩ ሰይፍ እንደያዘ በአንድ ዓይኑ ያያል። ሕፃን እንኳ ማን ማን እንደሆነ አይጠፋውም።

የኔ ሥራ ይሄን አይፈቅድም። ጉርድ ፎቶ ሁለት ዓይንና ሁለት ጆሮ ይጠይቃል። ገዳይም ይምጣ፣ ተገዳይ፣ ፊት ለፊት ነው። ነሐሴ 1 ቀን 2008 እሑድ ነበር። ያን ቀን በዚች ከተማ በሰልፈኛ ላይ ተተኩሶ ቢያንስ 30 ሰው መገደሉን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። ሰኔ 15 ቀን 2011 የክልሉ ርእሰ መስተዳድር ከባልደረቦቻቸው ጋር እዚሁ ተገደሉ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ያለውንማ የማያውቅ የለም። በነዚህ ሁሉ መሀል ሱቃችን የሚመጣውን ሰው «የናንተው ባለ ስንት ዓይን ነው?» ብዬ አልጠይቅም። ልጠይቅም አልፈልግም። አበባው ለሁሉም አንድ ነው።

እዚያው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የበላዔ ሰብእ ሥዕል አለ። ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል። 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለለመነው ሰው አንድ ጥርኝ ውኃ ሰጥቶ ዳነ። ልጅ ሆኜ አክስቴን «78ቱስ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ዝም በል፣ ቤተ ክርስቲያን ነው» አለችኝ። ታሪኩ የምሕረት ነው፤ ይገባኛል። ግን እነዚያ ሰዎች እስከ ዛሬ ቁጥር ናቸው። ሳልሴዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የኮሎምቢያ መንግሥትና ፋርክ የሚባሉት አማፅያን የተፈራረሙት የሰላም ስምምነት በሕዝበ ውሳኔ ሲወድቅ የቦጎታን ትልቁን አደባባይ በነጭ ጨርቅ ሸፈነችው። ጨርቁ ላይ የተገደሉ ሰዎች ስም አለ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ስም፣ በአመድ የተጻፈ። ከተማው ወጥቶ ጨርቁን እርስ በርሱ ሰፋው። አመድ ነው እንግዲህ፤ ብትነካው ይለቃል።

ሌላም አላት። የፋርክ ታጣቂዎች ካስረከቡት መሣሪያ 37 ቶን አቅልጣ ወለል አነጠፈችው። በጦርነቱ የተደፈሩ ሴቶች ናቸው በመዶሻ ቀጥቅጠው የወለሉን ቅርጽ ያወጡት። ሐውልት ብላ አልጠራችውም፤ ፀረ ሐውልት ነው ያለችው። ዓባይ ዳር የቆመውን የሰማዕታት ሐውልታችንን በሠርግ አልበም አውቀዋለሁ፤ ከሙሽሮቹ ኋላ ሽቅብ ቀጥ ብሎ ይታያል። የሷን ወለል ግን ሰው ረግጦት ነው የሚያልፈው። ጠመንጃ ጫማ ሥር! ወንዱ አያቴ ቢሰማ ኖሮ ይጣላኝ ነበር። ምንሽሩን ከልጆቹ እኩል ነበር የሚያየው።

አንድ የኛ ሰው ልጨምር። ጁሊ ምሕረቱ አዲስ አበባ ነው የተወለደችው፣ በ1970 እ.ኤ.አ.። ቤተሰቦቿ በደርግ ጊዜ ይዘዋት ወደ አሜሪካ ወጡ። እሷ የዜና ፎቶ ትወስዳለች። ግጭት፣ ፖሊስ፣ እሳት። በፎቶሾፕ ብለር ታደርገዋለች፣ ምን እንደሆነ እስኪጠፋ። ከዚያ በላዩ ትሥልበታለች። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ያ መሣሪያ የኔም ነው። እኔ ብለር የማደርገው የሟችን ጀርባ ነው። ቆሻሻ ግድግዳ፣ የተቀደደ መጋረጃ፣ አጠገቡ የቆመ ጓደኛ። እናቶች «ጓደኛውን አውጣው፣ እሱ አለ» ይሉኛል። ለካ እኔ ያለውን ሰው ነው የማጠፋው።

ረቡዕ ከሰዓት የሴትዮዋን ባነር ፍሌክስ ላይ ማተም ጀመርኩ። ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል። ፊቱ ወጣ። ማኅተሙ ወጣ፤ ሲጎላ ሐምራዊ ጨረቃ ይመስላል። ስሙ ወጣ። 1991 ወጣ፣ ቀጥሎ ሰረዟ። ልክ ባዶው ቦታ ላይ ስንደርስ መብራት ሄደ።

ሲመለስ ማሽኑ ካቆመበት አይቀጥልም። ነጩ ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ጥሎበታል፣ ከዳር እስከ ዳር። እንደ አዲስ አተምኩት። ኪሳራው ከደሞዜ ነው፤ ይሁን። እናትየው ሐሙስ መጥተው ወሰዱ። ዘርግተው አዩት። ጣታቸው በሰረዟ አልፎ ባዶው ላይ ትንሽ ቆየ። «ጎሽ» አሉኝ። ጠቅልለው በነጠላቸው አዘሉት።

የተበላሸው እዚህ ቀርቷል። የተበላሸ ፍሌክስ የምንሰጠው ከፊት ለፊታችን ለምትሸጥ የቲማቲም ነጋዴ ነው። በዝናብም በፀሐይም ትከልልበታለች። አርብ ጠዋት መጣችና «የለም ዛሬ?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ጠረጴዛዬ ሥር ነው። ፊቱን ወደ ውስጥ አድርጌ አጥፌዋለሁ። እግሬን ስዘረጋ ይነካኛል።