ሮዝ ዝቃጭ

«ዶክተር፣ ዝቃጩን አይተውታል?» አለችው የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስቷ።

ዶክተሩ ያየው ቁጥሩን ብቻ ነበር። የዓይነት ሁለት ስኳር ሕሙማን ነጭ የደም ሴል ካታሌዝ (ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድን የሚሰባብር ኢንዛይም) ከጤነኞቹ በብዙ በልጦ ወጥቷል። ትርጉምም አግኝቶለታል፦ ሴሉ የበዛበትን ኦክሲዳንት፣ ማለትም ሴል የሚጎዳ ኬሚካል፣ ሊቋቋም ኢንዛይሙን እየጨመረ ነው።

ነጮቹ ሴሎች ለብቻቸው እንዲዘቅጡ ቀዮቹ አስቀድመው በማፍረሻ ፈሳሽ ይፈርሳሉ። ቲዩቡ ሥር ያለው ዝቃጭ ግን ነጭ መሆን ሲገባው ሮዝ ነበር። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ቀይ ሴሎች 5 ሚሊዮን ያህል፣ ነጮቹ ከ4 እስከ 11 ሺህ ናቸው። ቀዩ ሴል ደግሞ የካታሌዝ ጎተራ ነው። ትንሽ እንኳ ሳይፈርስ ከቀረ የሚለካው የእሱ ኢንዛይም ነው።

«ታዲያ የጤነኞቹ ለምን አልጨመረም?»

«የእነሱ በአዲስ ማፍረሻ ነው የተሠራው። የሕሙማኑ በከረመው።»

ማፍረሻው 155 ሚሊሞላር አሞኒየም ክሎራይድ፣ 10 ሚሊሞላር ፖታሲየም ባይካርቦኔትና 0.1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ነው። ሲከርም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያጣል፣ ፒኤቹ (የአሲድነት ልኬቱ) ይዛነፋል፣ ቀዩን ማፍረሱ አያስተማምንም።

ሁሉም በአዲስ ደም ተደገመ፦ በዕለቱ የተበጠበጠ ማፍረሻ፣ በክፍል ሙቀት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ ሴንትሪፊውጅ፤ ዝቃጩ አሁንም ከቀላ አንድ ጊዜ መድገም፣ ሁለት ጊዜ ማጠብ። ካታሌዙ በ240 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ከመነበቡ በፊት ናሙናው በ415 ናኖሜትር ይታያል፤ የቀይ ሴሉ ቀለም ሄሞግሎቢን ካለ እዚያ ይጋለጣል። ውጤቱን ለሚሊግራም ፕሮቲን ማካፈል ከዚህ ስህተት አያድንም፤ ሄሞግሎቢንም ፕሮቲን ነውና። ነጮቹን ቆጥሮ በሴል ቁጥር ማካፈል ይሻላል።

የሕሙማኑ ብልጫ ጠፋ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ ሴል ባክቴሪያ የሚገድልበትን ኦክሲዳንት፣ ሱፐርኦክሳይድን፣ ለመሥራትም፣ ግሉታታዮን የተባለውን መከላከያውን አድሶ ራሱን ለመጠበቅም ኤሌክትሮን የሚያቀብለውን ሞለኪውል ኤንኤዲፒኤችን ይፈልጋል። ስኳር ሲበዛ አልዶዝ ሪዳክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ያንኑ ኤንኤዲፒኤች ይሻማል። የስኳር ሕመምተኛ በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ከ2 እስከ 3 እጥፍ ነው። እንዲህ ላለ ሰው «ነጭ ሴልህ መከላከያውን አጠናክሯል» የሚል የተሳሳተ ውጤት ማውጣት ከባድ ጥፋት ነበር።

ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው «ናሙናዎቹ ተደግመዋል» የሚል አንድ መስመር ነው። የቴክኖሎጂስቷ ስም የለበትም፤ ሊኖር ይገባ ነበር።